የዳላሱ ታሪክ እዚህ ይያዝልኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ዳላስ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ተማርኩ። እናቴ ስትታመም ትቼው መጣሁ። አሁን ቅዳሜና እሁድ አካውንቲንግ እማራለሁ። ዳላስ የወሰድኩትን እንግሊዝኛና ሒሳብ ኮሌጁ ሳያንገራግር እንደተማርኩ ቆጥሮ ያዘልኝ። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክን እና የሞራልና ዜግነት ትምህርትን ግን «ውሰጂ» ተባልኩ። እኔ እኮ እዚያ የአሜሪካን ታሪክ ሁለት ኮርስ፣ ስለ መንግሥትና ሕገ መንግሥት ሌላ ሁለት ኮርስ ወስጄ ኤ እና ቢ አግኝቻለሁ። ደግሞስ ለሒሳብ ሠራተኛ የአክሱም ሐውልት ምን ይሠራላታል? ብከራከር ያዋጣኛል?

መልስ፦ አያዋጣሽም፣ ልጄ።

ለመሆኑ እነዚያን አራት ኮርሶች ለምን እንዳስወሰዱሽ ጠይቀሻል? ዳላስ ባለችበት በቴክሳስ ሕግ ከመንግሥት ኮሌጅ ዲግሪ የሚፈልግ ሁሉ፣ ነርስም ይሁን ኢንጂነር፣ 6 ክሬዲት የአሜሪካ ታሪክ ይወስዳል። 6 ክሬዲት ደግሞ የመንግሥት ትምህርት አለበት፤ እሱ ውስጥ የአሜሪካም የቴክሳስም ሕገ መንግሥት ይካተታል። ከታሪኩ ግማሹን በቴክሳስ ታሪክ መተካት እንኳ ይቻላል። ጆርጂያና ካሊፎርኒያም የየራሳቸው አላቸው። «እኔ ዓድዋን ተምሬ መጥቻለሁ» ብትያቸው ይተዉሽ ነበር? የእኛው ታሪኩ 3፣ ዜግነቱ 2፣ ተደምሮ 5 ክሬዲት ነው። 12ቱን ዝም ብለሽ ወስደሽ በ5ቱ ማኩረፍ ደስ አይልም።

ሬጅስትራር ቤት ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ኮርስ የሚያዘው ይዘቱ ሲገጥም ነው። የሁለቱ ኮርሶች አውትላይን፣ ማለትም የይዘት ዝርዝራቸው፣ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ይታያል። ስለዚህ ጉልበትሽን ሊገጥም በሚችለው ላይ አውይው። ዳላስ ሳይኮሎጂ ወይም ኢኮኖሚክስ ወስደሽ ከሆነ በዚያ ተከራከሪ። ግሬዱ ብቻ አይበቃም፤ አውትላይኑን አክስትሽ ትላክልሽ።

ሁለቱን ኮርሶች ደግሞ አሁኑኑ ተመዝገቢባቸው። የእህቴ ልጅ ያኔ ሲቪክስ የሚባለውን «በኋላ እወስደዋለሁ» እያለ ገፋው። ሱፍ ተሰፍቶ፣ ጋዋን ተለክቶ፣ በግ ተገዝቶ ሳለ ስሙ ከተመራቂ ዝርዝር ጠፋ። ኮርሱም በዚያ ሴሚስተር አልተከፈተም። በጉ ለእንቁጣጣሽ ታረደ።

የታሪኩ ሞጁል በእንግሊዝኛ ነው፤ ያ አንቺን አያስቸግርሽም። ሰባት ምዕራፍ ነው፤ ከቀድሞው ሰው ተነስቶ ሕገ መንግሥቱ እስከወጣበት ዘመን ይደርሳል። ስድስተኛው ላይ ጊዜ ስጪ። ቴዎድሮስ፣ ዓድዋ፣ የጣሊያን ወረራ ሁሉም እዚያ ተጨናንቀዋል። አንድ ነገር ልብ በይ፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አያትሽ 1888 የሚሉት ዓድዋ እዚያ 1896 ነው። ፈተና ላይ ሁለቱን ቀላቅለው ነጥብ የጣሉ ስንቱን አይቻለሁ! ለነገሩ በጀት ዓመቷን ሐምሌ 1 የምትጀምር አካውንታንት ዘመን ማቀያየር ልትለምድ ይገባታል።

ለዜግነቱ ኮርስ ሕገ መንግሥቱን ግን በአማርኛ አንብቢው። የ1987ቱ 106 አንቀጽ አለው። የመጨረሻው አንቀጽ ራሱ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል።

«ምን ይሠራላታል» ላልሽው አንቀጽ 40ን ክፈቺ። ዳላስ ያነበብሽው የአካውንቲንግ መጽሐፍ ኩባንያው መሬት ሲገዛ፣ ሲሸጥ፣ በንብረትነት ሲመዘግብ ያሳያል። እዚህ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በረንዳሽ ላይ ቁሚና ወደ ኮዬ ፈጬ በኩል ተመልከቺ። እዚያ መጋዘን ያቆመ ነጋዴ ሒሳቡን ስትሠሪለት «መሬት ገዛ» ብለሽ ብትጽፊ ተሳስተሻል። የያዘው የሊዝ መብት ነው፤ ዓመት ተቆጥሮለታል፣ በየዓመቱ ከዋጋው ይቀነሳል። መጋዘኑ ግን የራሱ ነው። ይህንን የሚለይልሽ የናቅሽው ኮርስ ነው።

አንቀጽ 49ንም እዚያው እለፊበት፤ ስለ አዲስ አበባ ነው። የከተማ ጫፍ ላይ ለምንኖር ለእኛ ንባቡ ሌላ ጣዕም አለው።

እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።