የዘላቂነትና የማኅበራዊ ኃላፊነት ቢዝነስ ዲግሪ በኦንላይን፦ ጠይቃችኋል፣ ልመልስ

ሥራዬን ሳልለቅ የማስተርስ ዲግሪዬን በኦንላይን ጨርሻለሁ። ትምህርቱ ቢዝነስ ነው፤ ትኩረቱ ደግሞ ኩባንያዎች በሰውና በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ነገር። አሁን የምሠራው የኩባንያዎችን የዘላቂነት ሪፖርት ከመታተሙ በፊት ቁጥር በቁጥር ማመሳከር ነው። ጥያቄ ካላችሁ ወዲህ በሉ ብዬ ነበር፤ እናንተም አላሳፈራችሁኝም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከተለመደው የቢዝነስ ዲግሪ በምን ይለያል? ስሙን ብቻ አሳምረውት እንዳይሆን።

ግማሹ ያው ነው። አካውንቲንግ፣ ፋይናንስ፣ ማርኬቲንግ፣ ስታቲስቲክስ፤ አንዱም አይቀርላችሁም። ልዩነቱ የሚጀምረው "ኩባንያ የሚኖረው ለማን ነው?" ከሚለው ጥያቄ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን በ1970 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ የቢዝነስ ኃላፊነት የጨዋታውን ሕግ ጠብቆ ትርፉን ማሳደግ ነው ብሎ ጻፈ። በ1984 የቢዝነስ ምሁሩ ኤድዋርድ ፍሪማን መጣና የለም፣ ሠራተኛውም፣ ደንበኛውም፣ አቅራቢውም፣ የአካባቢው ነዋሪም ድርሻ አለው አለ። የዘላቂነት አማካሪው ጆን ኤልኪንግተን ደግሞ በ1994 ትርፍን፣ ሰውንና ምድርን አብራችሁ መዝኑ የሚለውን ሐሳብ አመጣ። የሚገርመው ይኸው ሰው በ2018፣ ኩባንያዎች ሐሳቤን የሂሳብ መዝገብ ማሟያ አደረጉት ብሎ፣ እንደ ተበላሸ ምርት ከገበያ ልሰብስበው ማለቱ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ሴሚስተር ያለቀው በእነዚህ ሰዎች ክርክር ነው። እውነቱን ለመናገር ወድጄዋለሁ።

ስሙን ብቻ ያሳመረ ፕሮግራምም ሞልቷል። የኮርሶቹን ዝርዝር አውርዳችሁ እዩት። የልቀት ሂሳብ፣ የዘላቂነት ሪፖርት አዘገጃጀት፣ የአቅርቦት ሰንሰለት፣ የአካባቢና የሠራተኛ ሕግ ካለበት ደህና ነው። "የቢዝነስ ሥነ ምግባር" የምትል አንዲት ኮርስ ተለጥፋ ሌላው ሁሉ የድሮው ከሆነ ላሽ በሉት።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ "የወሬ ትምህርት" ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

እኔም የመጀመሪያ አሳይመንቴን የጻፍኩት ወሬ ነው ብዬ ነው። ስለ አንድ ትንሽ ቢሮ የአካባቢ ጉዳት ስምንት ገጽ ሞላሁ። "ቁርጠኝነት"፣ "አረንጓዴ የወደፊት ተስፋ"፣ ያልደረደርኩት ቃል የለም። መምህሩ ሲመልስልኝ በጎኑ አንድ ነገር ብቻ ጽፎበታል፦ "ቁጥሩ የታለ?"

ቁጥሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቢሮው በዓመት 12,000 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ተጠቀመ እንበል። የአገሩ የኤሌክትሪክ መረብ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 0.4 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለቅ ከሆነ፣ ውጤቱ 4,800 ኪሎ ነው። ጄነሬተሩ ደግሞ 1,000 ሊትር ናፍጣ አቃጠለ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ስለሚለቅ፣ 2,700 ኪሎ ይጨመራል። ድምሩ 7.5 ቶን። የጄነሬተሩ ቢሮው ራሱ ያቃጠለው ስለሆነ ስኮፕ 1 ይባላል። የመብራቱ የተገዛ ኃይል ስለሆነ ስኮፕ 2። የሠራተኞች ጉዞ፣ የተገዛው ወረቀት፣ የተጣለው ቆሻሻና የመሳሰለው ሁሉ ስኮፕ 3 ውስጥ ይገባል። አከፋፈሉ በ2001 ከወጣው የግሪንሀውስ ጋዝ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ኩባንያዎች የሚለቁትን ጋዝ ከሚቆጥሩበት መመሪያ የመጣ ነው።

ማባዛቱ የልጆች ሥራ ነው። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የአንድ ወር የመብራት ደረሰኝ ጠፍቷል። ሌላው ደረሰኝ ገንዘቡን እንጂ ኪሎዋቱን አይናገርም። ሦስተኛው ከወሩ አጋማሽ እስከ ሌላው ወር አጋማሽ የሚሄድ ነው፤ ታዲያ ለየትኛው ዓመት ይቆጠር? ናፍጣውም ቢሆን 1,000 ሊትር ተገዛ ማለት 1,000 ሊትር ነደደ ማለት አይደለም፤ በርሜሉ ውስጥ የተረፈ አለ። ለጓደኞችሽ ይህን አስረጂያቸው። ሲሰለቻቸው የወሬ ትምህርት አለመሆኑ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ ሒሳብ እጠላለሁ። ይቅርብኝ?

ከላይ ያለውን ማባዛት ከቻልክ አይቅርብህ። ኤክሴል ግን መልመድ አለብህ፤ እዚያ ላይ ድርድር የለም።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱ እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ድረ ገጹ ላይ የተደረደሩትን ዓርማዎች አይቼ ግራ ገባኝ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ዓይነት ዓርማ አለ፤ ክብደታቸውም ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የመንግሥት ዕውቅና ነው። ትምህርት ቤቱ በተመዘገበበት አገር ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን አለው ወይ? ይህን ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ አታጣሩ። የዚያን አገር የከፍተኛ ትምህርት ተቆጣጣሪ መዝገብ ራሳችሁ ክፈቱ፤ ስሙንም ፊደል በፊደል አመሳክሩ። አንድ ቃል ብቻ ቀይሮ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ የሚመስል ስም ያወጣ ስንቱ አለ። በዲግሪው ልትሠሩ የምታስቡበት አገር በኦንላይን የተገኘ ዲግሪን ይቀበል እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን የጠየቅሁት ከተመዘገብኩ በኋላ ነው። መልሱ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ የለኝም ነበር።

ሁለተኛው የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ዕውቅና ነው። ኤኤሲኤስቢ (AACSB) ከ1916 ጀምሮ ያለ ነው፤ ኤኩዊስና (EQUIS) አምባም (AMBA) አሉ። እነዚህን ያገኘ ትምህርት ቤት ተመርምሯል ማለት ነው። የሌለው ሁሉ ግን ቀሽም ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ፈርሞ የሚገባበት ነው። ፕራይም (PRME) የሚባለው፣ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ በ2007 የተጀመረው ኃላፊነት የሚሰማው የማኔጅመንት ትምህርት መርሆዎች፣ ከዚህ ይመደባል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ትምህርት ቤቱ ቃል ገባ ማለት እንጂ የዲግሪውን ጥራት መርምሮ አጸደቀ ማለት አይደለም። ይህን ዓርማ እንደ ዕውቅና አድርጎ የሚያሳያችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላውንም ነገር ተጠራጠሩት።

"የሥራ ልምድዎን አይተን በሁለት ሳምንት ዲግሪ እንልክልዎታለን" የሚላችሁን ግን ጊዜም አታባክኑበት።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እኔ 47 ዓመቴ ነው። ከትምህርት ከራቅሁ 20 ዓመት አልፎኛል። ከወጣቶቹ ጋር እችለዋለሁ?

ይችሉታል። እንዲያውም እርስዎ ያለዎት ነገር ለወጣቶቹ የላቸውም። ከእኔ ጋር የተማሩ አንድ ትልቅ ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ በመጋዘን ኃላፊነት የሠሩ ነበሩ። ስለ አቅርቦት ሰንሰለት ስንወያይ ሁላችንም ዝም ብለን እሳቸውን ነበር የምናዳምጠው። የሚቸገሩት መጀመሪያ ላይ ነው፤ በተለይ ምንጭ አጠቃቀስና የትምህርቱ ሶፍትዌር። የመጀመሪያው ወር ካለፈልዎ አይጨነቁ።

ጥያቄ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ይበቃል? ማስታወቂያው "በሚመችዎ ሰዓት" ይላል።

"በሚመችዎ ሰዓት" ማለት "እንቅልፍዎን በሚያጡበት ሰዓት" ማለት ነው። በአውሮፓ የክሬዲት አሠራር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። 60 ክሬዲት ያለው ማስተርስ ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ይወስዳል። በሁለት ዓመት ልጨርሰው ካልሽ፣ አንድም ሳምንት ሳታርፊ በየሳምንቱ ከ14 እስከ 17 ሰዓት መሆኑ ነው። ዕረፍት ካሰብሽ ደግሞ ይጨምራል። ከመመዝገብሽ በፊት ይህን ሰዓት ከየት እንደምታመጪው ወረቀት ላይ አስቀምጪ። እኔ ያመጣሁት ከጠዋት እንቅልፌ ነው። ማታ ሞክሬው ነበር፤ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቼ ነው የምነቃው።

ሰዓት ካነሣን አይቀር፣ የማስረከቢያው ሰዓት በማን አገር ሰዓት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን አጣሩ። እኔ "እኩለ ሌሊት" የሚለውን የራሴ እኩለ ሌሊት መስሎኝ ነበር። የእነሱ ከእኔ ቀድሞ አልፏል። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ሥራ ስለዘገየ ብቻ ማርክ ተቆረጠበት።

ጥያቄ፦ የቡድን ሥራውስ? በአካል የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ልብ ያወልቃል። አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ሁሉንም ልሥራ ይላል። በመጀመሪያው ስብሰባ ማን ምን፣ መቼ እንደሚያስረክብ ጽፋችሁ ለሁሉም ላኩ። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ይዋሻሉ። ታዲያ መማሩ ምን ይፈይዳል?

ይዋሻሉ፤ ትምህርቱም አይደብቅላችሁም። የቮልስዋገንን ጉዳይ እኛ አንድ ሳምንት ሙሉ ነው የተማርነው። የናፍጣ መኪኖቹ ምርመራ ላይ ሲሆኑ ብቻ ጭሳቸውን የሚቀንስ ሶፍትዌር ተጭኖባቸው እንደነበር በ2015 ታወቀ። ኩባንያው በዚያው ሰሞን ኩባንያዎችን በዘላቂነት እያወዳደረ በሚዘረዝረው የዳው ጆንስ መለኪያ ከመኪና አምራቾች ቀዳሚ ተብሎ ነበር። ከዝርዝሩ የወጣው ጉዱ ከፈላ በኋላ ነው።

እኔን የበለጠ የነካኝ ግን ራና ፕላዛ ነው። በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ግድግዳው መሰንጠቁ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ታይቷል። እዚያው ሕንፃ ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤት ሰደደ፤ የልብስ ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ እንዲገቡ ታዘዙ። ከፋብሪካዎቹ አንዳንዶቹ ከዚያ በፊት ማኅበራዊ ኦዲት፣ ማለትም የሠራተኛ አያያዝ ምርመራ፣ ተደርጎባቸው ነበር። ኦዲተሩ የሥራ ሰዓትና የደመወዝ መዝገብ ሲያይ፣ የሕንፃው ጥንካሬ የቅጹ ጥያቄ አልነበረም። ከአደጋው በኋላ የልብስ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስጠይቅ የሕንፃና የእሳት ደኅንነት ስምምነት ፈረሙ። ከዚህ የተረፈኝ ልማድ አለ። ዛሬም ሪፖርት ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ያልተጠየቀውን ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራ ይገኝበታል?

ይገኛል፤ ግን "የዘላቂነት ኃላፊ" የሚል ወንበር ተዘጋጅቶ አይጠብቅህም። አብዛኛው ሥራ በሌላ ስም ነው ያለው፦ ግዢ፣ ኦዲት፣ የአደጋ ሥጋት ትንተና፣ የባንክ ብድር ምዘና፣ ሪፖርት። ሪፖርቱ ብዙ ሰው ቀጥሯል። የዓለም አቀፉ የዘላቂነት መስፈርት ቦርድ በ2021 ተቋቁሞ በ2023 የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስፈርቶች አወጣ። ኩባንያዎች የዘላቂነት ሪፖርት እንዲያወጡ የሚያስገድደው የአውሮፓ ኅብረት ሕግም በዚያው በ2023 ጸና። ጥሩ ዜናው ይህ ነው። መጥፎው ዜና፣ የኅብረቱ ኮሚሽን በ2025 ጫናው በዝቷል ብሎ ሕጉን ለማቅለል ሐሳብ ማቅረቡ ነው። ገበያው ከፖለቲካው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለተኛ እግር ይኑርህ፤ አካውንቲንግ ወይም ዳታ ወይም ሕግ። በእኔ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ የተቀነሱት "ስለ ዘላቂነት አውቃለሁ" ብቻ የሚሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ አሳይመንቱን በኤአይ ማሠራት ይቻላል?

ይጽፍልሃል። ያንን ስምንት ገጽ ከእኔ አሳምሮ ይጽፈዋል። የጠፋችውን ደረሰኝ ግን አያመጣልህም።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ ምን ርዕስ ትመክሪያለሽ?

ርዕሱን ሳይሆን መረጃውን አስቀድሚ። ማን በሩን ይከፍትልሻል? ማን መዝገቡን ያሳይሻል? እኔ ይዤ የገባሁት ርዕስ "የማኅበራዊ ኃላፊነት ሚና በኢንዱስትሪ ልማት" የሚል ነበር። አማካሪዬ ሦስት ጊዜ ቆረጠችው። በመጨረሻ የቀረኝ የአንድ ፋብሪካ የማጠቢያ ውሃ ነው። መጀመሪያ አፈርኩበት። ሦስት ወር ሙሉ የውሃ ቆጣሪ ፎቶ በስልክ እየተላከልኝ አነበብኩ፤ አንዱ ማታ ሥራ ሲያቆሙ፣ ሌላው ጠዋት ሲከፍቱ የተነሣ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆን ነበረባቸው። አልነበሩም። ማንም በማይሠራበት ሌሊት ቆጣሪው ሲዞር ያድራል። ጽሑፌ የተሠራው በዚያች ልዩነት ላይ ነው።