መልስ፦ ጢባርዮስ ግራኩስ የተገደለው መሬት ስለቀማ ነው?

"የሀብታሞችን መሬት ቀምቶ ነው አይደል የተገደለው?" ላልከው፣ ግማሹ ልክ ነው። (ከወንጌል የምናውቀው ጢባርዮስ ቄሣር ሌላ ሰው ነው፤ ይሄኛው የሮም ፖለቲከኛ ነው፤ ወደ 150 ዓመት ይቀድመዋል።)

መሬቱ የግል አልነበረም። ሮም ጣሊያን ውስጥ በጦርነት የያዘችው የመንግሥት መሬት ነው። አንድ ሰው ከ500 ዩጌራ፣ ማለትም ከ125 ሄክታር ገደማ በላይ እንዳይዝ ቀድሞም ሕግ ነበር። ግን ማን ሰምቶ! ባለጠጎቹ ወይን ተክለውበት፣ በባሪያ እያሳረሱት፣ የአባቶቻቸውን መቃብር ሳይቀር ሠርተውበት ነበር። ጢባርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 የሕዝብ እንደራሴ ሲሆን "ከልክ በላይ የተያዘው መሬት ለድሆች ይከፋፈል" አለ።

ነገሩን ያከረረው ግን መሬቱ ብቻ አይደለም። እንደራሴ ባልደረባው ኦክታቪየስ ሕጉን ሲያግድበት በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣን አስነሳው። ይህ ያልተለመደ ነገር ነበር። የጴርጋሞን ንጉሥ አታሎስ ሀብቱን ለሮም ተናዞ ሲሞት ደግሞ ጢባርዮስ ገንዘቡ ለአዲሶቹ ገበሬዎች መቋቋሚያ ይሁን አለ። የገንዘብ ነገር የሴኔቱ፣ ማለትም የሮም መኳንንት ሸንጎ፣ ጓዳ ነው፤ እዚያ ገባ። በላዩ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደር "ሊነግሥ ነው" ተባለ። ለሮማዊ ከዚህ የከፋ ክስ የለም።

ሊቀ ካህናቱ ናሲካ ቶጋውን (የሮማውያን መጎናጸፊያ) ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ሴናተሮቹን አስከትሎ ወጣ። በተሰባበረ አግዳሚ ወንበር እግር ጢባርዮስን ቀጥቅጠው ገደሉት። 300 ገደማ ደጋፊዎቹም አብረው አለቁ። ሬሳቸው ቲቤር ወንዝ ተጣለ።

ሕጉ ግን አልተሻረም። መሬቱን እንዲያከፋፍል የተቋቋመው ኮሚሽን መለካቱን ቀጠለ፤ የኮሚሽኑ አባል የነበረው የወንድሙ የጋይዮስ ስም የተቀረጸባቸው የወሰን ድንጋዮች ጣሊያን ውስጥ ተገኝተዋል።