ማንጎ መቼ ይለቀም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ግቢያችን ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለን። አምና ልጆቹ ቅርንጫፉን እየነቀነቁ በአንድ ቀን አራገፉት፤ ግማሹ ሳይበስል ተጨማደደ፣ ግማሹም ጠቆረ። ዛፉ ላይ እስኪበስል ብንጠብቅ ደግሞ ወፍ ይቀድመናል፣ ትል ይገባበታል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ማንጎ ከተለቀመ በኋላም ይበስላል። ስለዚህ ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ አይጠብቁ፤ ይድረስ እንጂ። አምና የተጨማደዱት ለጋዎቹ ናቸው፤ እነሱ ቤት ቢከርሙም አይጣፍጡም።

የደረሰውን በትከሻው ይለዩታል። የለጋው ትከሻ ከማንጠልጠያው ቁልቁል ያዘቀዘቀ ነው። ሲደርስ ግራ ቀኙ ሞልቶ ከፍ ስለሚል ማንጠልጠያው ጎድጓዳ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ ጉንጩም ይሞላል። በቅላቱ አይፍረዱ፤ ፀሐይ ያገኘው ጎን ሳይደርስም ይቀላል። ከተጠራጠሩ አንዱን ይሰንጥቁት። ዘሩ አጠገብ ያለው ሥጋ ወደ ቢጫ ከዞረ ደርሷል፤ ነጭ ከሆነ ገና ነው።

ዛፉ አበባውን በአንድ ጊዜ ስለማያወጣ ፍሬውም በአንድ ቀን አይደርስም። በየ4 እና 5 ቀኑ እየተመለሱ የደረሰውን ብቻ ያውርዱ።

ነቅንቆ ማራገፍ ይቅር። መሬት ላይ የወደቀ ማንጎ ለጊዜው ደህና ቢመስልም የተመታው ቦታ ውስጥ ውስጡን ይጠቁራል። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የብረት ቀለበት ይሰሩ፤ ከሥሩ ከረጢት ይስፉ፣ ጠርዙ ላይ ስለት ይሰሩ። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ማንጠልጠያ አስቀርተው ይቁረጡ። ከአንገቱ ከተገነጠለ ሙጫው ተፈናጥሮ ልጣጩን ያቃጥለዋል፤ ጥቁር ጅረት የመሰለው ጠባሳ ከዚያ ይመጣል። ዓይንና ቆዳንም ስለሚጎዳ ልጆቹን ከሥር አያቁሙ። ከዚያ ማንጠልጠያውን አሳጥረው፣ ፍሬው አፈር ሳይነካው አንገቱን ቁልቁል ደፍተው ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ያንጠፍጥፉት፤ በንጹሕ ውሃ አጥበው ያድርቁት።

ጥላ ቦታ፣ ገለባ ላይ፣ ሳይደራረብ ይደርደር። በሳምንት ገደማ ይበስላል፤ የበሰለ ሙዝ አጠገቡ ቢያኖሩ ይፈጥናል። ሳይበስል ፍሪጅ አያስገቡት፤ ቅዝቃዜው ልጣጩን ያጠቁረዋል፣ መብሰሉንም ያሰናክላል።

ትሉ የፍሬ ዝንብ ልጅ ነው። ዝንቧ እንቁላሏን መብሰል የጀመረ ፍሬ ልጣጭ ሥር ትጥላለች፤ በደረሰ ጊዜ ማውረዱ የሚጠቅመው ለዚህም ነው። የወደቀውን በየቀኑ ይልቀሙ። ሊቀብሩት ጉድጓድ ከቆፈሩ ግማሽ ሜትር ይጥለቅ፤ አለዚያ በጥቁር ፌስታል አጥብቀው አስረው ለሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ይተዉት። እንዲሁ ጓሮ ከተጣለ ትሉ አፈር ውስጥ ገብቶ ዝንብ ሆኖ ወደዚያው ዛፍ ይመለሳል።