ልጆቼ፣ ቀስ ማለትን ገና በወጣትነታችሁ ልመዱት

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በፊዚዮቴራፒ የሰራሁ ሰው ነኝ፣ እኔጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ከወደቀ በኋላ፣ ዳሌው ከተሰበረ ወይ ወገቡ አልታጠፍ ካለ በኋላ ነው፣ ምነው ቀደም ብሎ ባገኘሁት እያልኩ ስቆጭ ኖሬያለሁ። ለዛ ነው ዛሬ ስለ ታይ ቺና ስለ ቺጎንግ፣ ከትንፋሽ ጋር ቀስ ተብለው ስለሚሰሩት የቻይኖች የሰውነት እንቅስቃሴዎች የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ቤጂንግ ለስልጠና ሄጄ ነው። ቲያንታን ፓርክ ውስጥ ጠዋት ጠዋት አዛውንቶች ዛፍ ስር ተሰልፈው እጃቸውን ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ቀስ አርገው ያነሳሉ። ቀላል ማሟሟቂያ መስሎኝ ከኋላ ገብቼ ቆምኩ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጭኔ ተንቀጠቀጠ! አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ በቋንቋ ስለማንግባባ ዝም ብለው ጎንበስ አሉና ጉልበቴን ይዘው ወደ ውጭ ገፋ አደረጉት፣ ከእግሬ ጣቶች ጋር ቀጥ እስኪል ድረስ። ስንት በሽተኛ ያስተማርኩትን ነገር እሳቸው በአንድ እጅ አሳዩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንድ እርምጃ ለመሄድ መጀመሪያ ክብደታችሁን በሙሉ ቀኝ እግር ላይ ታሳርፋላችሁ፣ ግራው ባዶ ይሆናል፣ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ሳትወዛወዙ ካነሳችሁት ነው፣ ከዛ ተረከዙን ብቻ መሬት ታስነኩትና ክብደቱን ቀስ እያላችሁ ታሻግራላችሁ። በፍጥነት ስንሄድ ሰውነታችን ያጭበረብራል፣ ወደፊት እየወደቅን በሌላው እግር እንደርስበታለን። ቀስ ሲባል ግን ማጭበርበር የለም፣ ጭኑም ዳሌውም ቁርጭምጭሚቱም የየራሱን ስራ ይሰራል። በፈረንጆቹ 2012 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ፓርኪንሰን ከሚባለው፣ ሰውነትን ከሚያንቀጠቅጥና ሚዛን ከሚያሳጣ የነርቭ በሽታ 195 ታማሚዎች መሀል ለ6 ወር ገደማ በሳምንት ሁለቴ ታይ ቺ የሰሩት ጡንቻ ማሳሳብ (ስትሬቺንግ) ከሰሩት በተሻለ ሚዛናቸውን ጠብቀዋል፣ አወዳደቃቸውም ቀንሷል።

"ከሃይማኖቴ አይጋጭም ወይ?" የምትሉኝ አላችሁ፣ ጥያቄውን አከብረዋለሁ። ታይ ቺ መሰረቱ የውጊያ ጥበብ ነው፣ ቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር ውስጥ ቼንጂያጎው በሚባል መንደር የቼን ቤተሰብ ያቆየው፣ የቻይኖች ፍልስፍናም አለበት። እኔ የምሰራው ትንፋሹንና እንቅስቃሴውን ነው፣ ጸሎቴም በቦታው አለ። ቅር ካላችሁ የሃይማኖት አባታችሁን አማክሩ።

ለመጀመር በፈረንጆቹ 1956 ለህዝብ ተብሎ ባጠረው ባለ 24 እንቅስቃሴው ታይ ቺ አትጨናነቁ፣ ባዱዋንጂን የሚባለው ቺጎንግ 8 እንቅስቃሴ ብቻ ነው፣ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፣ ቦታም የስጋጃ ያህል ካገኛችሁ በቂ ነው። ትከሻ ይውረድ፣ ትንፋሽ በአፍንጫ እስከ ሆድ ይግባ፣ ሲወጣ ረዘም ይበል፣ እሱ ነው የልብ ምትን ቀዝቀዝ የሚያደርገው፣ ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተጎንብሳችሁ ለምትውሉ ደግሞ ይሄ ትልቅ እረፍት ነው።

አደራ፣ ብዙ ዝቅ አትበሉ። እኔ ቸኩዬ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ልውረድ ብዬ ጉልበቴ አብጦ ሁለት ወር አቁሜያለሁ። የደም ግፊት ወይ የስኳር መድሃኒት የሚወስድም በዚህ ተማምኖ መድሃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ በፍጹም!

ጊዜ የለኝም ለምትሉኝ ደግሞ፣ እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንኳ እሰራዋለሁ፣ ጉልበቴን ላላ አርጌ ክብደቴን ወደ ቀኝ፣ ትንፋሼን አውጥቼ ደግሞ ወደ ግራ፣ አጠገቤ የቆመው ሰው እንኳ አያውቅም።