«ቆራቢ ልጄ ደሙን ለማያውቀው ሰው ይስጥ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ልጄ ጀርመን አገር ይሠራል። እዚያ ያለ ሆስፒታል ለጽኑ ሕሙማን ነጭ የደም ሴል እንዲሰጥ ጠይቆት «እማዬ፣ መርቂኝ» ብሎ ደወለልኝ። እኔ ግን ከለከልሁት። ልጄ ቆራቢ ነው፤ ሥጋ ወደሙ የተዋሐደው ደም ለማን እንደሚገባ፣ ያመነ ይሁን ያላመነ፣ በምን ይታወቃል? ጎረቤቶቼም «ደም ነፍስ ነው፣ ነፍስ ይከፈላል ወይ?» አሉኝ። በደልሁ ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በሰው አገር ሆኖ ምርቃትዎን የሚለምን ልጅ ማሳደግዎ ትልቅ ነገር ነው። ክልከላዎም ከክፋት እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ ቅዱሱን ነገር ከመፍራት የመጣ ነው። ነገር ግን ሳልሸፋፍን ልንገርዎ፤ ልክ አልነበረም።

ይህን ፍርሃት እዚሁ ጎንደር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ወላድ ደም ፈሷት በሞት አፋፍ ላይ ሳለች የገዛ አጎቷ «እኔ ቆራቢ ነኝ፣ ደሜን አልሰጥም» ብሎ ከበር ሲመለስ አይቻለሁ። ሰውዬው መንፈሳዊ ሥራ የሠራ መስሎት ነበር።

እስቲ ይህን ያስቡት። ልጅዎን ዘጠኝ ወር በማኅፀን የመገቡት ከደምዎ ነው። የሚያስፈልገው ሁሉ በእትብቱ በኩል ከእርስዎ ደም ይደርሰው ነበር። እርስዎም በዚያን ጊዜ ቆራቢ እንደነበሩ እገምታለሁ። ታዲያ ሲወለድ «ከቆራቢ እናት ደም ተመግቧልና ክርስትና አያስፈልገውም» ያለ ቄስ ነበር? በ40 ቀኑ አቅፈው ወስደው አስጠምቀውታል፣ ሜሮን ተቀብቷል፣ ራሱም ቆርቧል። ከእናቱ ደም ያልወረሰውን ጸጋ በመርፌ ሌላ ሰው ይወርሰዋል ብለን እንዴት እንፈራለን? ሰው በሌላው ሰው ክንድ አይቆርብም። ሐዋርያው «ሰው ራሱን ይፈትን» ያለው እያንዳንዱ ቀርቦ፣ አምኖ፣ በአፉ ስለሚቀበለው ነው። የልጅዎ ጸጋ ከእርሱው ጋር ይኖራል፤ አይቀነስም፣ አይረክስም።

«ደም ነፍስ ነው» የሚለውን ጎረቤቶችዎ ያገኙት ከዘሌዋውያን 17 ነው። «የሥጋ ሕይወት በደሙ ውስጥ ነውና» ይላል፤ እውነት ነው። ግን ምዕራፉ የሚናገረው ስለ መሥዋዕትና ደም ስለ መብላት ነው። ሐዋርያትም በሐዋርያት ሥራ 15 «ከደምም» ራቁ ያሉት በማዕድ ነገር ነው። ሕይወት በደም ውስጥ መሆኑ እንዲያውም ሊሞት ለተቃረበ ሰው እንድንሰጥ የሚያስገድደን እንጂ የሚከለክለን አይደለም።

ልጅዎ የተጠየቀውንም ይወቁት። የደም ካንሰር ያለበት ሰው ኬሞቴራፒ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ሲሰጠው መቅኔው ደም መሥራት ሊያቅተው ይችላል። ተዋሲያንን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል ያልቅበታል፤ እኔንና እርስዎን አልጋ ላይ የማይጥለን ነገር እርሱን ይገድለዋል፣ አንዳንዴም አንቲባዮቲክ አይመልሰውም። ያን ጊዜ የጤነኛ ሰው ነጭ ሴል ይፈለጋል። ለሰጪው መቅኔውን የሚያነቃቃ መርፌ ወይም ክኒን አስቀድሞ ይሰጠዋል፤ ራሱን ሊያመው፣ አጥንቱን ሊቆረጥመው ይችላልና ሲነግርዎ አይደንግጡ። ከዚያ ደሙ ከአንድ ክንዱ እየወጣ በመሣሪያ ይለያል፤ ነጩ ይወሰዳል፣ የተረፈው ደም በሌላው ክንዱ ይመለስለታል። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል ይቀመጣል። የተሰበሰበውም አይከርምም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ለታማሚው መድረስ አለበት። የጤነኛ ሰው መቅኔ እኮ በቀን 100 ቢሊዮን ያህል ነጭ ሴል ይሠራል፤ የተሠራውም በጥቂት ቀን ያልፋል። ነፍስ በዚህ የምትከፈል ቢሆን ኖሮ ሳንሰጥም በየዕለቱ ባለቀች ነበር።

«ያላመነ ቢሆንስ?» ላሉት፣ ጌታችን የከነዓናዊቷን ልጅ ሲፈውስ እናቲቱ ከእስራኤል ወገን አልነበረችም። በሉቃስ 10 የቆሰለውን ሰው አልፈውት የሄዱት ካህኑና ሌዋዊው ናቸው፤ ምናልባት ሬሳ መስሏቸው እንዳይረክሱ ፈርተው ይሆናል። ወርዶ ዘይትና ወይን ያፈሰሰለት ሳምራዊ ነው። ጌታም «ሂድ፣ አንተም እንዲሁ አድርግ» አለ። እናቴ፣ ይህ ትእዛዝ ነው፤ ልጅዎም ሊፈጽመው ተነሥቶ እርስዎ እጁን ይዘውታል። ታማሚው ቀን አይጠብቅምና ነገ ሳይሉ ይደውሉለትና ይልቀቁት።

በቆረበበት ቀን ደም እንደማይሰጥ እርሱም ያውቀዋል፤ ቀኑን ከሐኪሞቹ ጋር ይነጋገርበት። ጾም ከሆነ ግን በባዶ ሆድ አይሂድ፤ ለንስሐ አባቱ ነግሮ ይፍቱለት። በኢሳይያስ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ሲዘረዘር «ከሥጋ ዘመድህ እንዳትሸሽግ» የሚል አለበት። ያለበትንም ሕመም፣ የሚወስደውንም መድኃኒት አንድም ሳይደብቅ ይንገራቸው፤ መደበቅ ታማሚውን መጉዳት ነው። አይሽጠውም፤ «በከንቱ ተቀበላችሁ በከንቱ ስጡ» ተብሏል።

ለጎረቤቶችዎም መልእክት አለኝ። 18 ዓመት የሞላው፣ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ልጅ ካላቸው እዚሁ ጎንደር ደም ባንክ ይላኩት። በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል። በከተማችን ሆስፒታሎች ደም የሚጠብቁት ወላዶች የእነሱው ልጆች ናቸው።