ስክሪኑ ላይ ያማረው ፎቶ ሲታተም ለምን ይጨልማል?

ጥያቄው የመጣው ሠርግ ከሚያነሳ ወጣት ነው። ላፕቶፑ ላይ ኤዲት ያደረገው አልበም ታትሞ ሲመጣ ጨልሟል፤ የሙሽሮቹም ፊት ቀልቷል። ማተሚያ ቤት ቢቀይርም ያው ነው። «ሞኒተር ልገዛ ነው። ፎርኬ ይሻለኛል ወይስ ጌሚንግ?» ይላል። ፎርኬ (4K) በጣም ጥርት ያለ ምስል የሚያሳይ፣ ጌሚንግ ደግሞ ለጌም የተሠራ ፈጣን ሞኒተር ነው።

ወንድሜ፣ ሁለት ማተሚያ ቤት አንድ ዓይነት ስህተት ካወጣ ስክሪንህን ጠርጥር። የጨለመብህ ስክሪንህ ከልክ በላይ ስለሚያበራ ነው። ፎቶው በቂ ብርሃን ያለው ይመስልሃል፣ እንዳለ ትልከዋለህ። ወረቀት ግን ከውስጡ አያበራም። የቀላብህ ደግሞ ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ኤስአርጂቢ (sRGB) ከሚባለው የተለመደ የስክሪን ቀለም ክልል 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚያሳዩ ነው። ቀዩ ደብዝዞ ይታይሃል፣ አንተ ትጨምራለህ፣ ማተሚያው የጨመርከውን ሁሉ ያወጣዋል። እኔም በዚሁ ምክንያት አንድ ሙሉ አልበም በራሴ ገንዘብ ደግሜ አሳትሜያለሁ። ሙሽራዋ አልበሙን ስትገልጥ ያየሁት ፊቷ እስካሁን አይረሳኝም።

ስለዚህ ሞኒተር ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው የፓነሉን፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየውን የስክሪኑን ክፍል፣ ዓይነት ነው። አይፒኤስ (IPS) ይሁን፤ ከጎን ብታየውም ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። ቀጥሎ ኤስአርጂቢን 100 በመቶ ወይም 99 በመቶ ይሸፍን። የሞኒተሩ መግለጫ ላይ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» (NTSC፣ ሌላ የቀለም ክልል መለኪያ) የሚል ካየህ እለፈው። ከኤስአርጂቢ የሰፋውን አዶቤ አርጂቢ የሚሸፍኑት ውድ ናቸው፤ አልበም ማተሚያዎች በአብዛኛው የሚቀበሉት ኤስአርጂቢ ጄፔግ ስለሆነ ለአንተ ሥራ አያስፈልግህም።

ሱቅ ስትሄድ ፎቶ በፍላሽ ያዝ። ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ፣ በቅርብ የተነሳች። ሙሉ ስክሪን ክፈተውና ሸማውን ተመልከት። የፈትሉ መስመር ነጩ ውስጥ መታየት አለበት፤ ጠፍቶ አንድ ወጥ ነጭ ከሆነ ብራይትነሱንና ኮንትራስቱን አስቀንስና ደግመህ እይ። ጥለቱ ላይ ቀዩና ብርቱካናማው ተለያይተው ይታዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለህ ከታች ወደ ላይ እይ። ፊቷ ድንገት ከጠቆረ ፓነሉ ቲኤን (TN) የሚባለው፣ አቅጣጫ ሲቀየር ቀለሙ የሚለወጥ ዓይነት ነው፤ ሻጩ ምንም ቢልህ አትግዛ። ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ባዶ ነጭና ባዶ ግራጫ አስከፍት። ጠርዙ ላይ ቢጫ ካለ ተወው። ያገለገለ ጥሩ አይፒኤስ ከአዲስ ርካሽ ፓነል ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ፎርኬ? ቆንጆ ነው፣ ግን አሮጌ ላፕቶፕ ይከብደዋል። ለ27 ኢንች 2560 በ1440 ፒክስል ይበቃሃል። 24 ኢንች ከሆነ ፉል ኤችዲም ያሠራል። የጌሚንግ 144 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ ማደሱ፣ ለቆመ ፎቶ ምንም አይጨምርልህም።

ገዝተህ ስትመጣ እንደመጣ አትሥራበት። ብዙ ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ብራይትነሳቸው በጣም ከፍ ያለ ነው። ለኅትመት ከ80 እስከ 120 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ይበቃል። መለኪያ ከሌለህ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን በክፍሉ መብራት ያዝና ባዶ ነጭ ክፈት። ስክሪኑ እንደ መስኮት ካበራ፣ ከወረቀቱ ጋር እስኪቀራረብ ብራይትነሱን ቀንስ። ከሞኒተሩ ሜኑ የቀለም ሙቀቱን 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን (የመካከለኛ ብርሃን ደረጃውን) 2.2 አድርግ። ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ናይት ላይት ዝጋ። ስክሪኑ ግማሽ ሰዓት በርቶ ሳይቆይ ቀለም አትንካ።

ካሊብሬተር፣ ማለትም የስክሪኑን ቀለም ለክቶ የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ብትገዛ ከሁሉም ይበልጣል። ለብቻህ ከከበደህ ሦስት አራት ሆናችሁ ግዙና በየወሩ ተቀባበሉት። እስከዚያው ቀጣዩን አልበም ከመላክህ በፊት ሁለት ፎቶ ብቻ አሳትም፤ አንዱ ቀን ውጪ የተነሳ፣ አንዱ ማታ አዳራሽ ውስጥ። ከስክሪኑ ጎን አስቀምጠህ አነጻጽራቸው። አሁንም ከጨለሙ መጀመሪያ የስክሪኑን ብራይትነስ ትንሽ ዝቅ አድርግ፤ ከዚያ ፎቶዎቹን እንደገና ኤዲት አድርግ።