ለኒውዮርኩ የጣሊያን ወይንና ምግብ ቅምሻ ምን ላዘጋጅ? ላልሽው

እህቴ፣ ከሚላን ስድስት አምራቾች ይዘሽ ለነጋዴዎች ብቻ በሚደረግ የኒውዮርክ ቅምሻ ላይ ልትቆሚ መሆኑን ነግረሽን፣ «ስንት ጠርሙስ ልላክ? ጠረጴዛው ላይስ ምን ይኑር?» ብለሻል። ጠርሙሱ ጋ እደርሳለሁ፤ ዋጋው ግን ይቅደም።

አሜሪካ ውስጥ ወይን ከአስመጪ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ሱቅ ወይም ሬስቶራንት ነው የሚያልፈው። የመጠጥ እገዳው በ1933 ከተነሣ በኋላ የመጣ አሠራር ነው። ሁሉም የየራሱን ትርፍ ስለሚጨምር አምራቹ በር ላይ 6 ዩሮ የሆነ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ገዢው እየቀመሰ በልቡ የሚያሰላው ይህንኑ ነው። «ዋጋውን በኢሜይል እንልካለን» የሚል አምራች ገዢውን ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ሸኘው ማለት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አምራች አንድ ገጽ ይታተም፦ የወይኑ ዘር፣ የመኸሩ ዓመት፣ አልኮሉ፣ የበር ዋጋው በዩሮ፣ በካርቶን ስንት ጠርሙስ፣ በፓሌት (ካርቶኖች በሚደረደሩበት የጭነት ጣውላ) ስንት ካርቶን፣ ትንሹ ትእዛዝ ስንት እንደሆነ። ከላይ በደማቁ «አስመጪ እንፈልጋለን» ወይም «ኒውዮርክ ውስጥ አከፋፋይ አለን፣ ቴክሳስ ውስጥ እንፈልጋለን» ተብሎ ይጻፍ። ይህች አንድ መስመር ከጠቅላላው ብሮሹር ትበልጣለች።

ናሙናውን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ጀምሪው። ወይኑን ማስገባት ያለበት ፈቃድ ያለው አስመጪ ነው፤ ቲቲቢ ከሚባለው የአልኮል ጉዳይ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የናሙና ፈቃዱን እሱ ይጠይቅልሻል። የመንግሥት የጤና ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ናሙናው ላይም መለጠፍ አለበት። ለምግቡ ደግሞ ዕቃው ከመድረሱ በፊት ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ለኤፍዲኤ፣ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ፕሮሹቶ (በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ) በሻንጣ ይዞ መሄድን ከአሁኑ እርሺው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ይቀራል። እዚያው ካለ አስመጪ መግዛት ይሻላል። ካልተፈላ ወተት የተሠራ አይብ ከሆነ ቢያንስ 60 ቀን የቆየ መሆኑን አረጋግጪ፤ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ ከ12 ወር በታች ስለማይሸጥ በዚህ በኩል አያስቸግርም። ወይኑ ቢቻል ሁለት ሳምንት ቀድሞ ደርሶ ይረፍ።

ብዛቱ እንዲህ ይሰላል። ለአንድ ሰው 30 ሚሊ ሊትር ከቀዳሽ 750 ሚሊ ሊትሩ በወረቀት 25 ሰው ያስተናግዳል፣ በተግባር ግን 20። አንድን ወይን 60 ሰው ይቀምሳል ብለሽ ከገመትሽ 3 ጠርሙስ ይበቃል። በቡሽ ለሚበላሸው፣ ለሚሰበረውና ገዢ ይዞት ልሂድ ለሚለው ሌላ 3 ጨምሪ። በአጭሩ ለአንድ ወይን አንድ ባለ 6 ካርቶን። ከአንድ አምራች ከአራት ወይን በላይ አታቅርቢ፤ አምስተኛው ላይ የገዢው ምላስ ደክሟል።

በሩ ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱን ጠርሙስ ራስሽ ቅመሺ። ቲሲኤ የሚባል ኬሚካል የነካው ቡሽ ወይኑን ያበላሸዋል፣ የረጠበ ካርቶን ሽታ ይሰጣል። የሚያሰጋው ከባዱ ብልሽት ሳይሆን ቀላሉ ነው፤ ሽታው ሳይታወቅ የፍሬውን ጣዕም ብቻ ያደበዝዛል፣ ገዢውም «ደካማ ወይን» ብሎ ምንም ሳይናገር ይሄዳል። ሁለተኛው ጥፋት ሙቀት ነው። አዳራሹ ሰው ሲሞላ ቀዩ ወይን 24 ዲግሪ ይደርስና አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ እንዲቆይ በየጊዜው ባልዲ ውስጥ አሥር ደቂቃ አስገቢው። ባልዲው ግማሽ በረዶ ግማሽ ውኃ ይሁን፤ በረዶ ብቻ ከሆነ ጠርሙሱን በደንብ ስለማይነካ ቀስ ብሎ ነው የሚያቀዘቅዘው። ነጩ ከ10 እስከ 12፣ አረፋማው ፕሮሴኮ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ። ባሮሎ የሚባለው ጠንካራ ቀይ ወይን ካለሽ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይከፈት። መትፊያ ዕቃ፣ ውኃና ጣዕም የሌለው ዳቦ አይጥፋ። ሽቶ የተቀባ ሰው ጠረጴዛው ላይ አይቁም።

የወይራ ዘይቱን ከወይኑ አርቂው፤ ጉሮሮ ላይ የሚተወው ማቃጠል ቀዩን ወይን መራራ ያደርገዋል። በትንሽ ስኒ፣ በእጅ ሞቅ ተደርጎ ይቀመስ እንጂ በዳቦ አይነከር። ፓርሚጃኖውን ከማቀዝቀዣ አንድ ሰዓት ቀድመሽ አውጪውና በአጭሩ ቢላ ሰባብሪው፤ ለሰው 15 ግራም፣ ለ120 ሰው ወደ 2 ኪሎ ማለት ነው። የሞዴና ባልሳሚኮ (ከወይን ጭማቂ የሚሠራ ኮምጣጤ) ከያዝሽ ከማቅመስሽ በፊት ልዩነቱን ተናገሪ፦ አይጂፒ የሚባለው የተለመደው ዓይነት ዝቅተኛ ቆይታው 60 ቀን ነው፣ ትራዲሲዮናሌ የሚባለው ባህላዊው ግን 12 ዓመት። ይህን ያልሰማ ገዢ የ100 ሚሊ ሊትሯን ጠርሙስ ዋጋ ሲያይ ይደነግጣል።

አምራቾቹን ደግሞ አለማምጃቸው። ገዢ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት አራት ደቂቃ ነው የሚቆመው፤ የአያት ታሪክ ተርኮ ዋጋ ሳይናገሩ መለያየት ብዙ ጣሊያናውያን ላይ ይታያል። እንግሊዝኛ ለማይችለው ከጎኑ ሰው መድቢለት፣ ያ ሰው ግን ወይኑን የሚያውቅ ይሁን። የገዢውን ቢዝነስ ካርድ ተቀብለሽ ጀርባው ላይ የወደደውን ወይንና የጠየቀውን ወዲያው ጻፊ፤ ማታ ላይ ሁሉም ይምታታል። ከዚያ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ገና አውሮፕላን ሳትሳፈሪ፣ ለእያንዳንዱ የወደደውን ወይን በስሙ ጠርተሽ ዋጋውን አያይዘሽ ላኪለት። ሁለተኛውን መልእክት በአሥረኛው ቀን ላኪ። የተረፉትን ያልተከፈቱ ጠርሙሶች ናሙናውን ላስገባው አስመጪ ተዪለት፣ ተጨማሪ ናሙና የሚጠይቅ ገዢ ሲመጣ ከእሱ ያገኛል።